ቅዳሜ ይመጣሉ

እናቴ ሞጣ ላይ ሳትናዘዝ ሞተች። እንዳትናዘዝ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዚያ በፊት የጻፍኳቸው ረቂቆች ረዣዥም ነበሩ፤ በአንዳቸውም ውስጥ እኔ አልነበርኩም።

የማስተምረው ሕግ ነው። ለአዲስ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማስረዳው፣ ሰው ሆነ ብሎ በሚያደርገውና በቸልተኝነት በሚያደርገው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ድርጊቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱም እንዲሁ። የሚለያቸው በሠሪው ልብ ውስጥ የነበረው ነገር ብቻ ነው። ይህን ትምህርት በቃሌ ስለማውቀው ራሴን ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ለማሻገር ምንም አልተቸገርኩም።

የተወለድኩት ቢቸና ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ አዲስ ቀሚስ አልብሳ ሞጣ ወደምትኖረው ታላቅ እኅቷ ወሰደችኝ። አክስቴ ልጅ አልነበራትም፤ ባሏም ከሞተ ቆይቷል። ምሳ በላን። ከምሳ በኋላ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና በሩ ላይ ቆማ፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ትንሿን የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካዬን፣ ከበሩ ፊት ለፊት አድርጌ ተቀመጥኩ። በሩ የቆርቆሮ ነው። የሚቆለፍበት ብረት ላላ ስላለ ነፋስ በነካው ቁጥር ሰው የከፈተው ይመስል ይንቃጨላል። በዚያ ቅዳሜ ብዙ ጊዜ ተንቃጨለ። እናቴ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ «ገበያ ይዟት ይሆናል» ትለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ማለቷን ተወች። እኔም በሩ ፊት መቀመጤን ተውኩ፤ ጆሮዬ ግን አልተወም።

እናቴ የመጣችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቢቸና እንድማር ልትወስደኝ። ለምን እንደተወችኝ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «እርስዎ» እያልኩ ጠራኋት። ጎረቤቱ ሁሉ አስተዳደጌን አመሰገነ። እሷ ብቻ ምን እንዳልኳት ገብቷት ነበር፤ አንድም ቀን «አንቺ በይኝ» ብላ አልለመነችኝም።

አክስቴ ስትሞት የሞጣውን ቤት ለእኔ ተናዘዘችልኝ። እናቴ የታመመችው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የባሕር ዳር ሐኪሞች ሆዷን ከፍተው አይተው መልሰው ዘጉት፤ ለእኔም ነገሩን በጨዋ ቋንቋ ነገሩኝ። ወደ ቢቸና ልመልሳት ስችል ሞጣ አስቀረኋት። ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሁሉ «ለሆስፒታሉ ይቀርባል» እል ነበር። እውነት ነው፤ ይቀርባል። አልጋዋን የዘረጋሁት ግን ከዚያ የቆርቆሮ በር ፊት ለፊት፣ ዱካዬ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ሌላ ክፍል ነበረ።

በእኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የንስሐ አባት አለው። ኃጢአቱን የሚሰሙ፣ ቀኖና የሚሰጡ፣ ሲታመም የሚያናዝዙ፣ ሲሞት የሚፈቱት እሳቸው ናቸው። ሰው የንስሐ አባቱን እሳቸው ሳያሰናብቱት አይለውጥም። የእኛ ቤት የንስሐ አባት ቢቸና ያሉ አረጋዊ ቄስ ናቸው፤ እናቴን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰምተዋታል። ሞጣ ውስጥ ቄስ አልጠፋም። እናቴ ግን ሌላ አልፈለገችም።

«ጉዴን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» አለችኝ። «አሁን ለሌላ ሰው ከመጀመሪያው የምጀምርበት ትንፋሽ የለኝም። ጥሪልኝ። ለእሳቸው ሳልነግራቸው የቆየሁት አንድ ነገር አለ።»

«ምን?» አልኳት።

«ለእሳቸው ነው የምነግረው» አለች፤ ከዚያም አየችኝ።

ያ ነገር ምን እንደሆነ ከአስተያየቷ አወቅሁ። ስለ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነው። እሷ ለአንድ የቢቸና ሽማግሌ በጆሯቸው ትናገራለች፤ እሳቸው መስቀላቸውን ያነሣሉ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ነገር ያበቃል። እሷ ነጽታ ትሄዳለች። እኔን ማንም አይጠይቀኝም። እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሜ በውጭ እቀራለሁ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ገባሁና፣ «ደውዬላቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ይመጣሉ» አልኳት።

አልደወልኩም ነበር። ስልኩ በእጄ ነበር። ኔትወርክ ነበረ። መንገዱም በዚያ ሳምንት ክፍት ነበር፤ ከቢቸና በኩል ሚኒባሶች በየቀኑ ይገቡ ነበር። የቄሱ ቁጥር ስልኬ ላይ ተመዝግቧል። ይህን የምዘረዝረው ለራሴ ያስቀረሁት ማምለጫ እንዳይኖር ነው። ቀኑም ማክሰኞ ነበር።

እናቴ ትራሷን ወደ በሩ እንዳዞርላት ጠየቀችኝ፤ አዞርኩላት። ከዚያ በኋላ ብረቱ በተንቃጨለ ቁጥር፣ «እሳቸው ናቸው?» ትለኛለች።

«ቅዳሜ ነው ያልኩዎት። ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«እሺ» ትላለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ምናልባት ቀደም ይሉ ይሆናል» ትላለች።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ጎረቤታችን የአብሽ ውሃ ይዘው መጡ። ሙስሊም ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ከአክስቴ ጋር አንድ አጥር ተጋርተው ያረጁ ሴት። ልጅ ሳለሁ በዚያ ዱካ ላይ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ አይተውኛል። እሳቸውን ከበሽተኛዋ ጋር ትቼ ወደ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ስመለስ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። ጎረቤታችን ብርጭቋቸውን አንሥተው በአጠገቤ ሲያልፉ ዓይኔን አላዩም። ልብ አልኩት፤ አልመረመርኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ እንዳጥባት ጠየቀችኝ። ፊቷንና እጇን አጠብኳት፤ ንጹሕ ነጠላ አለበስኳት። ስድስት ሰዓት አካባቢ ከመናኸሪያው በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ብረቱ ተንቃጨለ። ጭንቅላቷን ከትራሱ አነሣች፤ እንዲህ ለማድረግ አቅም ይኖራታል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ነፋስ ነው። ጭንቅላቷን መልሳ አስተኛች። «እሳቸው ናቸው?» ብላ አልጠየቀችኝም። በዘጠኝ ሰዓት ሞተች፤ ዓይኗ በሩ ላይ እንዳለ። ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ።

አስከሬኗን ቢቸና ወስደን ቀበርናት። ፍትሐቱን ያደረሱት የንስሐ አባቷ ናቸው። ሰው ከተበተነ በኋላ ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ ምነው አልጠራሽኝ?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ክስ አልነበረም፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነው።

«በድንገት ሆነ» አልኳቸው። ሁለተኛው ውሸት ይህ ነው። መስቀላቸውን ዘረጉልኝ፤ ተሳለምኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በትክክል ለመግለጽ እሞክራለሁ። ራእይ አላየሁም፤ ድምፅም አልጠራኝም። የትም ብቀመጥ ግን ፊቴን ወደ በር አዙሬ እንደምቀመጥ ደረስኩበት። በምግብ ቤት፣ በስብሰባ፣ በሰው ቤት። በክፍል ውስጥ አርፍዶ የሚገባ ተማሪ በሩን ሲከፍት ንግግሬ ይቋረጣል፤ ከየት እንደምቀጥል ይጠፋኛል። ተማሪዎቼ ማርፈድ የምጠላ መሰላቸውና በሰዓቱ መምጣት ጀመሩ። ቤቴ ውስጥ የብረት መቆለፊያ የለም፤ ሁሉም የእንጨት በር ነው። የሞጣው ብረት ግን ይንቃጨላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም መሥራት አልችልም ነበር።

የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ባቋረጠበት ጊዜ ቢቸና ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። በዐቢይ ጾም ውስጥ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ሌላ ቄስ ጋ ብሄድ በወደድኩ፤ ነገር ግን ሥርዓቱን ነግሬያለሁ። የምናዘዘው ሳልጠራቸው ለቀረሁት ለእሳቸው ለራሳቸው ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ተቀመጪ» አሉ። አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ንግግሬ የተደራጀ ነበር። የሞጣውን ቤት፣ ዱካውን፣ ሰባቱን ዓመት፣ የእናቴን ዝምታ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። በመጨረሻ ላይ፣ በሕመሟ ጊዜ ድካምና ሐዘን ስለተጫነኝ እሳቸውን መጥራት ቸል እንዳልኩ ጨመርኩ። «ቸል አልኩ» ነው ያልኩት።

ጨርሼ ቀና ስል ጭራቸውን እያወዛወዙ ዝንብ ያባርሩ ነበር።

«ልጄ፣ እናትሽን በደንብ አናዘዝሽልኝ» አሉ። «አንድም አላስቀረሽባት። አንቺስ መቼ ትመጫለሽ?»

«እኔም ተናግሬያለሁ፣ አባ።»

«መች? መጨረሻ ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ ሰምቻለሁ። ቀኖና ልስጥሽ ብል ለየትኛዋ እንደምሰጥ አላወቅሁም። የሞተችውን አላሰግዳት።»

ተነሥቼ ሄድኩ። ተቆጥቼ ነበር። ከፍ ያለ ትምህርት ያለው ሰው ባልተማረ ሰው ሲጋለጥ የሚሰማውን ቁጣ ነው የምለው፤ ከሌላው ቁጣ ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ከፋሲካ በኋላ የሞጣውን ቤት ለተከራይ ላዘጋጅ ሄድኩ። ቁልፉ ጎረቤታችን ዘንድ ነበር። ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ሳይሰጡኝ ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ያን ቄስ ጠርተሻቸው ነበር?»

ቁልፉን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«አልጠራሽም። እኔስ መች ጠፋኝ? ያን ዓርብ ለእናትሽ ነገርኳቸው። ‹የልጅቷ ፊት አላማረኝም፤ ቁጥሩን ስጡኝና እኔው ልደውል፣ ለእስላም አያነሡም እንዴ?› አልኳቸው። ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ ብታዪ። ከዚያ ‹ተይው› አሉኝ።»

«ለምን?»

«‹እኔም አንድ ጊዜ ቅዳሜ እመጣለሁ ብያት ቀርቻለሁ። ይቺን ለእሷ ተይላት› አሉኝ። እኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ለአንቺ ገባሽ?»

ገባኝ። ቅዳሜን የመረጥኩት ለምን እንደሆነ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሐሙስ ማለት እችል ነበር። እሑድ ማለት እችል ነበር። እናቴ ግን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ገና ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ያን ዓረፍተ ነገር አውቃው ነበር፤ የራሷ ነውና። አራት ቀን ሙሉ «እሳቸው ናቸው?» እያለች የጠየቀችኝ፣ ማንም እንደማይመጣ እያወቀች ነው። በየጊዜው ውሸቴን የምመልስበት በር ትከፍትልኝ ነበር። እኔ ደግሞ በየጊዜው ዘጋሁት።

ቁልፉን ተቀብዬ ወደ ቤቱ አልገባሁም። በማግስቱ ቢቸና ተመለስኩ።

የንስሐ አባታችን በዚያው ድንጋይ ላይ ነበሩ። በዚህ ጊዜ የተናገርኩት አጭር ነው። «ጥሪልኝ አለችኝ። ጠርቻቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ይመጣሉ አልኳት። አልጠራሁም። ረስቼ አይደለም፤ ደክሞኝም አይደለም። እንዳትፈታ ፈልጌ ነው።»

 ጭራቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋደመ።

«ያን ሳምንት ቤቴ ነበርኩ» አሉ በመጨረሻ። «እግሬም ደኅና ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«ደውለሽ ቢሆን በማግስቱ እዚያ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔን ለመገሠጽ ያላቸውን ሥልጣን ሁሉ ከሚያሳይ ቃል ይልቅ ያ ጋቢ ከበደኝ።

«እሷስ?» አልኳቸው። «እሷ እንዴት ሆነች?»

«የእሷን ለፈጣሪዋ ተይ። ያን ቅዳሜ በዚያ በር ማን እንደገባላት አንቺ አታውቂም፤ እኔም አላውቅም። እኛ ሳንጠራው የሚመጣ አለ።» ከዚያ ድምፃቸው የሥራ ድምፅ ሆነ። «አሁን ያንቺን ስሚ።»

ጾምና ስግደት አዘዙኝ፤ ይህ የተለመደ ነው። ያልተለመደው ሦስተኛው ነው። ሞጣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋር በተያያዘች ጎጆ ውስጥ አልጋ ላይ የቀሩ አንዲት መነኩሲት አሉ፤ ጠያቂ የላቸውም። ሰባት ቅዳሜ ጠበልና ዳቦ ይዤ እንድጠይቃቸው፣ በእያንዳንዱ ቅዳሜ ስወጣም «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብዬ በአፌ እንድናገር አዘዙኝ። «ያለማጓደል» አሉ። «ካጎደልሽ እንደገና ከአንድ ነው።»

እማሆይ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን አልደከመም። በመጀመሪያው ቀን ማን እንደላከኝ ስነግራቸው፣ «እኔ ደግሞ የማን ቀኖና ነኝ እያልኩ ነበር» አሉ። «ባለፈው ዓመት የላኩልኝ አንዱ ቁንጣን ያለበት ነጋዴ ነው፤ የመጣልኝን ዳቦ ራሱ ጨርሶልኝ ይሄድ ነበር። አንቺስ ምን አጥፍተሽ ነው?»

«አይነገርም፣ እማሆይ።»

«እንግዲያው ከባድ ነው። ዳቦውን ወዲህ በይ።»

አራት ቅዳሜ ሄድኩ። በአምስተኛው ጠዋት ቢቸና መናኸሪያ ስደርስ መኪኖቹ ተደርድረው ቆመው ነበር፤ ሹፌር የለባቸውም። ተራ አስከባሪው፣ «መምህር፣ መንገዱ ተዘግቷል። ዛሬ የሚወጣ የለም» አለኝ። ባጃጅ ለመንኩ። የባጃጁ ሾፌር ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ባጃጅ ተሳፍረሽ ሞጣ? እኔ ብሞኝ እንኳ ባጃጇ አልሞኘችም» አለ። ለጎረቤታችን ደውዬ ለእማሆይ እንዲነግሩልኝ አሰብኩ። ኔትወርክ አልነበረም። እግሬን አየሁት። ያ ሁሉ አገር በአንድ ቀን በእግር የሚያልቅ አይደለም።

ጠበሉንና ዳቦውን ጭኔ ላይ አድርጌ መናኸሪያው ውስጥ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሞጣ ላይ አንዲት አሮጊት በር በር እያዩ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሰው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ፣ ከልቡ ብሎ፣ ስንቁን ይዞ ተነሥቶ ሳይመጣ ሊቀር እንደሚችል በዚያ አግዳሚ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ። እናቴ እንዲህ ሆና ነበር አልልም። ሰባት ዓመት ሙሉ መንገድ አይዘጋም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን እንዴት እንደነበረ አላውቅም። አንዱን ቅዳሜ የቀረ ሰው በሁለተኛው ፊቱን ለማሳየት ምን ያህል እንደሚያፍር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ በሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ይበልጥ። መንገዱ በተከፈተ ጊዜ እኔም ላለመሄድ ፈልጌ ነበር።

ሄድኩ። እማሆይ የእግሬን ኮቴ አወቁት።

«ቅዳሜ ብለሽ አልነበር?»

«መንገድ ተዘግቶ ነው፣ እማሆይ።»

«የቀረ ሰው ሁሉ መንገድ አለው» አሉ። ዳቦውን በጣታቸው ዳሰሱ። «ቀኑን ሙሉ በሩን ክፍት አድርጌው ነበር። ብርድ መታኝ።»

ከአንድ ጀመርኩ። ሰባቱ ያለማጓደል ሲሞሉ የንስሐ አባታችን ከቅዳሴ በኋላ አንበርክከው የኑዛዜውን ጸሎት ደገሙልኝ። መስቀሉ ራሴ ላይ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጠበሉ በአንገቴ ወርዶ ልብሴ ውስጥ ገባ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። የሆነውን ከሆነው በላይ አድርጌ መናገር አልፈልግም። ጸሎቱ ሲጀመር ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነበር፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ዞሬ አላየሁም። ይህን ያስተዋልኩት ወጥቼ ጫማዬን ሳጠልቅ ነው።

ብረቱ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ይንቃጨላል። ግን እንደ ሌላ ሰው ቤት ድምፅ ራቅ ይላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚያዘኝ አልነበረም። ሞጣ ሄድኩ።

«ተጨርሶልሽ አልነበር?» አሉ እማሆይ።

«ተጨርሷል።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ቅዳሜ ነው» አልኳቸው።

ጠበሉን አጠጣኋቸው፤ ዳቦውን ቆርሼ በእጃቸው አስያዝኳቸው። ሲመሽብኝ ተነሥቼ የምለውን አልኩ። ስወጣ ብርድ እንዳይመታቸው በሩን ልዘጋው ስል፣ «ተይው» አሉኝ ከአልጋቸው።

ተውኩት።